ክፉ ቀን የታወጀበት ቤት

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ሄዳችሁ ታዩዋታላችሁ፤ ካያችኋት በኋላ ደግሞ «ይሄማ እኛም ሰፈር አለ» ብላችሁ ወሬዬን ታቀሉብኛላችሁ። ስለዚህ ወንዝ ዳር ያለች፣ ክረምት በገባ ቁጥር ድልድይዋ የሚያሳስባት አንዲት ከተማ ናት ብላችሁ ያዙልኝ።

በዚህች ከተማ በየቤቱ አንድ ሳጥን አለ። የክፉ ቀን ሳጥን ይባላል። ድሮ፣ ማንም በማያስታውሰው ዘመን፣ ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን ከበባትና ሰው የሚላስ የሚቀመስ አጥቶ በረሃብና በብርድ አለቀ። የተረፉት ብልሆች ነበሩ። እያንዳንዱ ቤት ስንቅ፣ መብራት፣ ንጹሕ ጨርቅና ለሕመም የሚሆን መድኃኒት በሳጥን አድርጎ እንዲያስቀምጥ ደነገጉ። እስከዚህ ድረስ ምንም እንከን አይወጣለትም። ቆይቶ ግን ሰዎች ቆሎው እያማራቸው ከሳጥኑ ቆንጠር ማድረግ ጀመሩ። ቆንጣሪዎችን ለመከልከል ሳጥኖቹ በቀይ ሰም ይታሸጉ ተባለ። ማኅተሙ አለመነካቱን የሚያይ ሰው ተሾመ። ሰውየው ሲሞት ልጁ ተተካ፤ ልጁን ደግሞ ስለ ማኅተም እንጂ ሳጥን ውስጥ ስለሚገባው ነገር ያስተማረው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የቤት ክብር በማኅተሙ ዕድሜ ይለካ ጀመር። ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቁት ስለ ሙሽራው ጠባይ ሳይሆን የቤታቸው ሳጥን በማን ዘመን እንደታተመ ነው። ሳጥኑ ጥልፍ ለብሶ፣ ሳሎን ውስጥ፣ እንግዳ በሚያየው ቦታ ይቀመጣል። ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ክዳኑን ያነሳ ሰው ክፉ ቀንን በስሙ እንደጠራ ይቆጠራል።

ማኅተም ደግሞ የሳጥኑን ሙሉነት አይናገርምና አንኳኪ የሚባል ሙያ ተፈጠረ። አንኳኪው ክረምት ሊገባ ሲል በየቤቱ ይዞራል፣ ሳጥኑን በዘንጉ ያንኳኳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፣ ከዚያ «ሙሉ!» ይላል። «ባዶ» የሚል ቃል በደንቡ ውስጥ ስላልገባ፣ ባዶ ያለ አንኳኪ እስከ ዛሬ አልተሰማም።

የውብዳር ወደዚህች ከተማ የመጣችው በትዳር ነው፤ አገሯ ከወንዙ ማዶ ነው። ማዶ ያሉ ሰዎች ሳጥን የላቸውም፤ ያላቸው ጓዳ ነው። እሷ ደግሞ ክዳን ያለው ዕቃ ካየች ሳታነሳ አታልፍም። ድስትም ይሁን ማሰሮ፣ የራሷም ይሁን የጎረቤት፣ ብድግ አድርጋ ታያለች። ባሏ ገበየሁ «አንቺ ሴትዮ፣ የሰው ሠርግ ላይ እንኳ እጅሽን አትሰበስቢም!» እያለ ይስቅባታል። በገዛ ሳሎኗ ውስጥ ግን ያላነሳችው አንድ ክዳን ነበር። ሙሽራ ሆና በገባች ሰሞን የሳጥኑን ጥልፍ ልታራግፍ ስትጠጋ አማቷ እማማ ደብሪቱ «እሱን ተዪው» አሏት። የቁጣ ድምፅ አልነበረም፤ ምን እንደነበረ ግን አልገባትም። ተወችው። ልጅ ወለደች፣ አሳደገች፣ ዳረች፤ ሳጥኑን ግን እንደተወችው ቆየች።

ነገር የመጣው ልጇ ማስተዋል የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት በገባችበት ዓመት ነው። የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ይሄ እናንተም ዘንድ ሳይኖር አይቀርም። ወሯ የሚገባው ደግሞ ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ነበር። ጤና ጣቢያው ያለው ከድልድዩ ማዶ ነው። የውብዳር የልጇን ሆድ ታያለች፣ ሰማዩን ታያለች።

«ድልድዩ ቢወሰድስ?» አለችው ባሏን፣ ምሳ እየበሉ።

«ሳጥን አለን» አለ ገበየሁ።

«ውስጡ ምን አለ?»

ገበየሁ ጉርሻውን ጎረሰ። «የሚያስፈልገው ሁሉ ነዋ።»

«ለምሳሌ?»

«አንቺ ደግሞ! በየዓመቱ ሙሉ ነው እየተባለ አይደል እንዴ?»

በዚያው ሰሞን ዋና አንኳኪው አቶ ላቀው መጡ። አቶ ላቀው የተከበሩ ሰው ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም አንኳኪዎች ነበሩ። በዚያ ዓመት የእማማ ደብሪቱ ቤት ለነጭ ሪባን ታጭቶ ነበር። ነጭ ሪባን በከተማችን ካለው ክብር ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ማኅተሙ ከሁሉ ያረጀ ሳጥን ላይ በአደባባይ ይታሰራል፣ ባለቤቱም ከዚያ በኋላ ሰልፍ አይሰለፍም። እማማ ደብሪቱ አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ቆመዋል።

አቶ ላቀው አንኳኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የውብዳር በዚያች ቅጽበት ከማጠፊያው ሥር አንድ ነቀዝ ብቅ ሲል አየች። ነቀዙ ጥልፉ ላይ ወጥቶ፣ ግራ ቀኝ ተመልክቶ፣ የቸኮለ ሳይመስል ወደ ወለሉ ወረደ። ሌላው ተከተለው።

«ነቀዝ!» አለች።

አቶ ላቀው ዓይናቸውን ገለጡና ነቀዙን በአክብሮት ተመለከቱት። «ጥሩ ምልክት ነው፣ ወይዘሮ የውብዳር። ባዶ ሳጥን ነቀዝ አያወጣም።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሙሉ!» አሉ። እማማ ደብሪቱ እልል አሉ፣ ጎረቤቱም አገዘ።

የውብዳር እልል አላለችም። በነጋታው ነጠላዋን አጣፍታ የክፉ ቀን ጽሕፈት ቤት ሄደች። አቶ ላቀው ከጠረጴዛቸው ጀርባ ሆነው ዘንጋቸውን በቅባት ያሹ ነበር።

«ጌታዬ፣ ሳጥን ከፍቶ ያረጀውን አውጥቶ አዲስ መተካት ይቻላል?»

«ሳጥን የሚከፈተው ክፉ ቀን ሲታወጅ ነው።»

«ማነው የሚያውጀው?»

«እኛ ነና።»

«በምን አውቃችሁ?»

«ሳጥኖች ተከፍተው ስናገኛቸው።»

የውብዳር ነገሩን በሆዷ አዙራ አየችው። «እንግዲያው ሳይታወጅ አይከፈትም፣ ሳይከፈትም አይታወጅም ማለት ነው?»

አቶ ላቀው ፊታቸው በራ። ይህን ያህል ቶሎ የገባው ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም። «ለዚህ እኮ ነው ከጥንት ወዲህ አንድም ክፉ ቀን ያልመጣብን!» አሏት።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ወንዙ ከወትሮው ወፍሮ፣ ግንድ ተሸክሞ ሲያልፍ አየችው። ልጇ ደጅ ላይ ያበጠ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። የውብዳር ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቀችም። ጥልፉን ልትገፍፍ ወደ ሳሎን ስትገባ ግን እማማ ደብሪቱ ቀድመዋት ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የሰው ፊት ማንበብ ያውቃሉ።

«እማማ፣ ይነሱልኝ።»

«እኔን ሳትገድዪ አትከፍቺውም።»

«ልጅቱ እኮ ልትወልድ ነው።»

«ዓይኔ እያየ አይከፈትም።»

«ድልድዩ ከሄደ ያለን ይሄ ብቻ ነው። ውስጡን ሳላይ ልጄን አላምንበትም።»

«ሪባኑስ?»

«ሪባን ተነጥፎ ይተኛበታል?»

እማማ ደብሪቱ አልተነሱም። የውብዳር ወለሉ ላይ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች፤ አማቷን ማስነሳት በጉልበት እንደማይሆን ታውቃለች። «ገበየሁን ሲወልዱስ? ክረምት አልነበረም? ያኔ ከሳጥኑ ምን አወጡ?» አለቻቸው።

«ገበየሁ በጥቅምት ነው የተወለደው።» ከዚያም «በክረምት የተወለደው ታላቁ ነው» አሉ።

የውብዳር ባሏ ታላቅ እንደነበረው ሰምታ አታውቅም። እሱም አያውቅም ነበር።

«እናቴ ቤት ሳልሄድ ውሃው ቀደመኝ፤ ግቢውን ሞልቶት ነበር» አሉ እማማ ደብሪቱ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ። «ጣሪያው አፍስሶ ልብስ ምንጣፉ ርሷል። ክብሪቱም ርሷል። ልጁ ደህና ሆኖ ነበር የተወለደው፤ የበረደው ኋላ ነው። ይሄ ሳጥን እዚህችው ነበር፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው። ደረቅ ጨርቅ አለው፣ ክፈቱልኝ አልኩ። አማቴ ክፉ ቀን አልታወጀም አሉኝ። እቅፌ ውስጥ ዝም አለ።»

የውብዳር አለቀሰች፤ አላፈረችም። የአማቷን ጉልበት ይዛ አለቀሰች።

«ከዚያ ወዲህ ሙሉ ነው ሲሉኝ እልል እላለሁ» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ሙሉ ከሆነ ልጄ አጠገቡ ነው የሞተው። ባዶ ከሆነ ደግሞ ለባዶ ነው የሞተው። የቱን ልይ ትይኛለሽ? የቱን ባየው ይሻለኛል?»

ደጅ ማስተዋል ለራሷ የሆነ ዘፈን እያንጎራጎረች ነበር። እማማ ደብሪቱ እሱን እያዳመጡ ቆዩና የምራታቸውን ትከሻ ተደግፈው ተነሱ።

«ዘነዘናውን አምጪ» አሉ።

መጀመሪያ የመቱት እሳቸው ናቸው። የአያት ቅድመ አያት ሰም እንደ ድርቆሽ ተፈረካከሰ።

ውስጡ ያለውን ልንገራችሁ። ዱቄቱ ጠጥሮ ድንጋይ ሆኗል። ክብሪቱ ሟሙቶ ቀይ ጭቃ መስሏል። ሻማውን አይጥ ጨርሳው ክሩ ቀርቷል። የዘይቱ ጠርሙስ ግርጌው ላይ የተጋገረ ቡናማ ነገር አለ። መድኃኒት የነበረው ምን ያድን እንደነበር የሚያውቅ በሕይወት የለም። ነጩ የአቡጀዲ ጨርቅ ሲነኩት በጣት መሐል አመድ ሆነ። በመሐሉ አንዲት አይጥ ልጆቿን አቅፋ «ማን አስገባችሁ?» የምትል ይመስል አየቻቸው። ደህና የተገኘው አንድ ፋኖስና አንድ አሞሌ ጨው ብቻ ነው።

እማማ ደብሪቱ የአቡጀዲውን አመድ በመዳፋቸው ያዙ። «ያኔም እንዲህ ሆኖ ነበር ማለት ነው» አሉ። «ቢከፍቱትም አያድነውም ነበር።» የውብዳር ይህ የሚያሳርፋቸው ይሁን የሚያቃጥላቸው አላወቀችም፤ እሳቸው ግን እጅጌያቸውን ሰበሰቡና «በይ፣ ምን እንግዛ?» አሏት።

ያ ሰሞን በዚያ ቤት የበዓል ያህል ነበር። ሳጥኑ ደጅ ወጥቶ በፈላ ውሃና በሎሚ ታጠበ፣ ፀሐይ ጠጣ። አይጧ ከነቤተሰቧ ወደ ጓሮ ተሸኘች። ማስተዋል እግሯን ሰቅላ ሽምብራና ገብስ ትለቅማለች፣ እማማ ደብሪቱ ይቆላሉ፣ የውብዳር በሶውን ትነፋለች። ድርቆሽ ተዘጋጀ፣ ቋንጣ ተሰቀለ። ገበየሁ ገበያ ተልኮ ላምባ፣ ሻማ፣ ሳሙናና ጀሪካን ይዞ መጣና ምላጩን ረስቶ ተመልሶ ተላከ። የውብዳር ሳትሞክር ያስገባችው ነገር የለም። ከየክብሪቱ አንድ አንድ እንጨት ጫረች። ፋኖሱን በጠራራ ፀሐይ ለኩሳ አየችው። የእጅ ባትሪውን ገበየሁ ፊት ላይ አበራችና «ይሠራል» አለች። በሶውን ቀመሰች፣ ውሃው ያለበትን ጀሪካን አሸተተች፣ አዲሱን ጨርቅ ቀቅላ፣ ተኩሳ፣ በላስቲክ ጠቅልላ ከላይ አስቀመጠች። በመጨረሻ ክዳኑን ገጠመችና ሰም ሳታደርግ እጇን ጠረገች።

«ወር በገባ ቁጥር እንከፍተዋለን» አለች። «የቆየውን እንበላለን፣ አዲሱን እንተካለን።»

«ወር በገባ ቁጥር በሶ ልንበላ ነው?» አለ ገበየሁ።

«ስንሰጥህ ትበላለህ» አሉት እናቱ። ሪባን ሪባን የሚሉት ሴትዮ እሳቸው መሆናቸውን ረስተውት ነበር።

ወሬው በከተማው ተዳረሰ። የጠጠረ ዱቄት ሲጣል ያዩ አሉ፤ ሰም ሲጠረግ ያዩ አሉ። አቶ ላቀው መጡና የተከፈተውን ሳጥን ከሩቅ አዩት፤ ለመቅረብ አልደፈሩም። ደንቡን ሲመረምሩ ሰነበቱ። ሳጥን የሚከፈተው ክፉ ቀን ሲሆን ነው። ሳጥኑ ተከፍቷል። ስለዚህ ክፉ ቀን ሆኗል። ከተማው ደግሞ ሰላም ነው፤ ልጆች ይጫወታሉ፣ ገበያው ደርቷል። በመጨረሻ መፍትሔ አገኙለት። ክፉ ቀን በየውብዳር ቤት ብቻ፣ ከአጥሩ እስከ አጥሩ፣ መግባቱ በነጋሪት ታወጀ።

ይህን ስሰማ እኔም መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። በበራቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ተሰቀለ። በአጥራቸው በኩል ሲያልፍ ሰው ኮፍያውን ያወልቅና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል። እንደምን ዋላችሁ የሚላቸው ጠፋ፤ በአዋጁ መሠረት እንደምን እንደዋሉ ይታወቃልና። ግብር ሰብሳቢው ደጃቸው ድረስ ደርሶ ተመለሰ፤ ግብር የሚሰበሰበው በመልካም ቀን ነው። ነጩ ሪባን ለአቶ ላቀው ሳጥን ተሰጠ። ገበየሁ ሰው መሐል መቀመጥ ከብዶት አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ጀመር። ማስተዋል «እማዬ፣ ልጄ በክፉ ቀን ቤት ሊወለድ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ደረቅ ጨርቅ ባለበት ቤት ነው የሚወለደው» አለቻት እናቷ።

ዝናቡ የጀመረው ማለዳ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጠቁሮ የመሸ መሰለ። ድልድዩ ሲሄድ ሁላችንም ሰማነው። ውሃው የታችኛውን ሰፈር አልፎ ወደ እኛ ወጣ። የማስተዋል ምጥም የጀመራት ያን ጊዜ ነው።

ሰው ሁሉ ወደ አቶ ላቀው ሮጠ። «አውጁልን እንጂ፣ ሳጥናችንን እንክፈት!» ይላል። አቶ ላቀው ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። «ክፉ ቀን ታውጇል እኮ» አሉ። «በየውብዳር ቤት ነው ያለው። አንድ ክፉ ቀን ሁለት ቦታ ሊውል አይችልም፤ ደንቡ አይፈቅድም።»

ሁላችንም ተያየን። ከመሐላችን መጀመሪያ የገባው ማን እንደሆነ አላስታውስም። ሳጥን መክፈት የሚፈቀድበት አንድ ቤት አለ፤ ሳጥኖቻችንን እዚያ መውሰድ እንችላለን። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ከተማው በሙሉ ሳጥኑን ተሸክሞ በጎርፍ መሐል ወደ ክፉ ቀን ቤት ጎረፈ። አቶ ላቀውም ሪባን የታሰረበትን ሳጥናቸውን ከሚስታቸው ጋር እየጎተቱ መጡ። የውብዳር በሩን ከፍታ ቆማ ነበር። ስትቆጣን የምናያት መስሎን ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ» አለችን። «ጭቃችሁን እዚያ አራግፉ። ዝም ብላችሁም ግቡ፤ ጓዳ ውስጥ የምታምጥ ሴት አለች።»

በረንዳው ላይ ማኅተሞች ተሰበሩ። ከዚያ ድንጋይ የሆነ ዱቄት፣ አመድ የሆነ ጨርቅ፣ አሁንም ድንጋይ የሆነ ዱቄት። በደህና ቀን እልል የተባለላቸው ሳጥኖች ሁሉ ያው ነበሩ። አንዱ እንደሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱ እንደ እብድ ይስቃል። የውብዳር ግን ከእያንዳንዱ ሳጥን የሚሆን ነገር ሳትፈልግ አላለፈችም። ከኛ ሳጥን ያልተበላሸ ማር ወጣ፤ ማር ለካ አያረጅም። ከሌላው ጨው፣ ከሌላው የሸክላ ማሰሮ፣ ከሌላው ጥሩ መጥረቢያ ተገኘ። የአቶ ላቀው ሳጥን ሲከፈት እስከ አፉ አሸዋ ነበር። ከአንኳኪ ዘር አንዱ፣ «ሙሉ!» የሚያሰኘውን ድምፅ ከሁሉ አጥርቶ የሚሰጠው አሸዋ መሆኑን ደርሶበት ኖሯል። አቶ ላቀው መሬት ውጪኝ ብለው ቆሙ።

«አሸዋ ነው?» አለች የውብዳር። ደስ አላት። «ጆንያ አምጡ! ገበየሁ፣ በሩ ላይ ደርድሩት!»

ውሃው ደፍ ላይ ደርሶ ነበር። አሸዋው በጆንያ ተሞልቶ በበሩ ሥር ተደረደረ፤ ውሃው አንድ ጊዜ ገፋው፣ ሁለተኛም ገፋው፣ ከዚያ በጓሮ በኩል ዞሮ ሄደ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ገበየሁ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ አቶ ላቀውን ትከሻቸውን እየመታ «ጥሩ ሳጥን ነው ያለዎት!» አላቸው፤ በቅንነት ነው ያላቸው።

ጓዳ ውስጥ ፋኖሱ በርቷል። ክብሪቱ በመጀመሪያው ጫር ነው የነደደው። ውሃ ፈልቷል፣ ምላጩ በፈላው ውሃ ውስጥ ነው፣ ከሳጥኑ የወጣው ጨርቅ ሲዘረጋ የተኩስ መስመሩ እንኳ አልጠፋም ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ያለችው አዋላጅ ከእኛ ጋር ነበረች፤ «የሚያስፈልገኝ ሁሉ አለ» ስትል በበሩ ሰማናት። ያቺን ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ፣ ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከዚያ ሕፃኑ ጮኸ።

እማማ ደብሪቱ ልጁን በደረቁ ጨርቅ ጠቅልለው ተቀበሉት። ጨርቁን ነኩት፤ የሕፃኑን እግር ነኩት፤ እንደገና ጨርቁን ነኩት። ሞቋል። ጮኾ ሲያበቃ ዝም አለና እማማ ደብሪቱ ፊታቸው ገረጣ፤ የውብዳር ጎንበስ ብላ «ተኝቶ ነው፣ እማማ፤ እየተነፈሰ ነው» አለቻቸው። አፋቸውን ከፍተው እልልታ ሲያወጡ የተሰማውን ድምፅ እኔ ከማንም ሰው ሰምቼ አላውቅም። በየዓመቱ ሳጥን ሲንኳኳ የሚሉት እልልታ አልነበረም። በረንዳው በሙሉ ተቀበላቸው፤ ወንዙ እንኳ ለጊዜው አልተሰማንም። ስሙን ምትኩ አሉት።

ውሃው እስኪጎድል ድረስ በዚያ ቤት ነበርን። በሶው በማር ተበጠበጠ፣ ድርቆሹ በቋንጣ ተፈተፈተ፣ ለሁሉም በትንሽ በትንሹ ደረሰው፤ መጀመሪያ ለልጆች፣ ከዚያ ለሽማግሌዎች፣ ቀጥሎ ለአቶ ላቀው። ማንም አልሞተም። በከተማችን ታሪክ ወንዙ ወጥቶ ማንም ያልሞተበት ክረምት ያ የመጀመሪያው ነው።

ውሃው ሲደርቅ ጽሕፈት ቤቱ ተሰበሰበና በየውብዳር ቤት የታወጀው ክፉ ቀን ይነሳ፣ ሳጥኖቹም ይታሸጉ የሚል ሐሳብ ቀረበ። አቶ ላቀው አፍረው እንጂ ጠልተው አልነበረም፤ ከዚህ ሌላ የሚያውቁት ደንብ የለም። ይህን የሰሙት እማማ ደብሪቱ ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ፣ እኛም ተከተልናቸው።

«ምን ልታዘዝ፣ እማማ?» አሉ አቶ ላቀው፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

«ክፉ ቀን እንዲታወጅልን ነው የመጣነው።»

«እሱማ በቤትዎ ታውጆ ነበር፤ አሁን ልናነሳልዎ ነው።»

«አታንሱት። ለከተማው በሙሉ አውጁት። ለዘላለም።»

አቶ ላቀው ግራ ገባቸው። «እማማ፣ ሰው እንዴት መልካም ቀን እያለለት ክፉ ቀን ይለምናል?»

«መልካሙን ቀን አውቀዋለሁ» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ልጄን የቀበርኩት በመልካም ቀን ነው።»

አቶ ላቀው ዘንጋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ነጋሪቱን ራሳቸው አንስተው ደጅ ወጡ፣ በገዛ እጃቸው መቱት። ክፉ ቀን በከተማዋ በሙሉ፣ ማብቂያ ሳይኖረው፣ መግባቱን አወጁ። ያን ዕለት የተጨፈረውን ጭፈራ አገር ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ አንድም መልካም ቀን በይፋ አልዋለብንም። ወር በገባ ቁጥር ክዳኖች ይነሳሉ፣ የቆየው ይበላል፣ አዲሱ ይገባል፤ መንገዱ ሁሉ የተቆላ ገብስ ይሸታል። አንኳኪዎቹም ሥራ አልፈቱም፤ አሁን የሚመሰክሩት ቀምሰው ነው፣ ብዙዎቹም ወፍረዋል። እንግዳ መጥቶ «እንዴት ናችሁ?» ሲለን «ክፉ ቀን ላይ ነን፣ ተመስገን!» እንለዋለን። ግራ ገብቶት ቆሞ ሲያየን እጁን ይዘን እናስገባውና ምን ይብላ ብለን ክዳኑን እናነሳለን።